ሰዓታችንን በእጃችን ስለ መሥራት

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ «ስለዚያች ሰዓታችሁ አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ በጠየቀን ጊዜ በመጀመሪያ አመነታን። አራት ተማሪዎች በማደሪያ ክፍላቸው ውስጥ በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯት አንዲት የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ለጉባኤ የምትበቃ መስላ አልታየችንም። ሰዓት የፈለገ ሰው ገበያ ወጥቶ ይገዛል፤ ያም ባይሆን በኪሱ ስልክ አለው። ነገር ግን ሥራውን የጀመርንበት ምክንያት ከእናንተም የብዙዎቻችሁ ችግር እንደ ሆነ ስለምናምን እነሆ ቀርበናል። ሰዓቲቱም በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአት ናት።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ወረቀት ነው። ከአራታችን አንዱ የእብናት ልጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የነጻ ትምህርት ዕድል አመልክቶ ለፈተና ተጠራ። የመጥሪያው ወረቀት ቀኑን ከገለጸ በኋላ «8፡00» ይላል፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ የሚናገር ቃል የለበትም። እናቱ በግ ሸጠው የመንገዱን ገንዘብ ሰጡት። በዋዜማው ከእብናት ተነሥቶ ፈተናው ወደሚሰጥበት ከተማ ገባ፤ ከዘመድ ቤት አደረ፤ በማግስቱ ደብተሩን ሲያገላብጥ አረፈደ፤ ምሳውን በላ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ከበሩ ደረሰ። ዘበኛው አየውና «ፈተናውማ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተጀምሮ አለቀ፤ ልጄ» አለው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎት ኖሯል። ጓደኛችን ወደ እብናት ተመልሶ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ዕድል ሲጠብቅ ኖረ።

ይህን ሲያጫውተን መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን ዝም አልን። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ ጓደኛችንም አልሰነፈም። ሁለት ትክክለኛ አቆጣጠሮች በአንድ ቁጥር ላይ ተገናኙና አንድ ልጅ በመካከላቸው ወደቀ። እኛ በየዕለቱ ስድስት እየደመርንና ስድስት እየቀነስን የምንኖር ሰዎች ነን። ሒሳቡን በልባችን ስለምንሠራው ቀላል ይመስለናል፤ ባጠፋነው ቀን ግን ዋጋው ይከብዳል። ስለዚህ ተማከርንና «እስቲ የመቀነሱን ሥራ ለራሱ ለሰዓቱ እንስጠው፤ የእኛን ሰዓት በእኛ ቁጥር፤ ከነቀኑና ከነወሩ የሚያሳይ ሰዓት እንሥራ» ተባባልን።

አንዳንድ ሰዎች «ለምን እንደ ዓለሙ አንቆጥርም?» ይሉናል። አቆጣጠራችን ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥም። በደቡብ ጎንደር እጅግ ማልዳ በምትወጣበትና እጅግ ዘግይታ በምትወጣበት ወራት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በለንደን ግን ልዩነቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። እንግዲህ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለእነሱ አይመችም፤ ለእኛ ለገበሬዎች ልጆች ግን የሚመች ነው።

ባለ ዘንግ የግድግዳ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሥራችን ቀላል በሆነ ነበር። ዐሥራ ሁለት ቁጥር ባለው ገበታ ላይ ስድስት ሰዓት ማለት ልክ ግማሽ ዙር ነውና፤ በፈረንጅ በተሞላ ሰዓት ላይ የአጭሩን ዘንግ ትይዩ የተመለከተ ሰው የእኛን ሰዓት ያገኛል። የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ግን ከሰዓቱ ጋር ቀኑንም ስለሚቆጥር ነገሩ ይወሳሰባል። ስንመረምር አንድ የሚያስቅ ነገር አገኘን። የአገራችን የጋራ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ከዚያ ላይ 6 ሲቀነስ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚዘገይ ይሆናል፤ ይህም የአርጀንቲና ሰዓት ነው። ስልኩን በቦነስ አይረስ የሞላ ሰው እብናት ተቀምጦ የአገሩን ሰዓት ያነባል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ስልክ ላይ ቀኑ የሚለወጠው እኛ ጋ ሲነጋ ነው፤ ወሩም የፈረንጅ ወር ነው። በአቋራጭ የሚገኘው እስከዚህ ድረስ ብቻ ስለሆነ ከመሠረቱ ለመጀመር ወሰንን።

የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ልቡ ቁራጭ ኳርትዝ ነው። ይህ ማዕድን ኤሌክትሪክ ሲደርሰው እየተርገበገበ ይኖራል። ለሰዓት የሚቆረጠው ኳርትዝ በአንድ ሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ለሁለት ብትከፍሉት 16,384፤ እሱንም ለሁለት ብትከፍሉት 8,192 እያለ ይወርድና በዐሥራ አምስተኛው ጊዜ ልክ 1 ይሆናል። አንድ ሴኮንድ ተገኘ ማለት ነው። እንግዲህ ሰዓት መሥራት ማለት በአብዛኛው ማካፈል ማለት ነው።

ይህን ስንማር የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ትዝ አለን። ሊቃውንቱ አንዱን ዕለት ለ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮስን ለ60 ካልዒት፤ ካልዒትን ለ60 ሣልሲት እያሉ ይወርዳሉ። አንዱ ካልዒት 24 ሴኮንድ ሲሆን አንዱ ሣልሲት ከግማሽ ሴኮንድ ያንሳል። ኳርትዙ በሁለት ይከፍላል፤ እነሱ በስድሳ ይከፍላሉ፤ አሳቡ ግን አንድ ነው። ጊዜን አድቅቆ የመክፈል አሳብ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ በዚህ ተረዳን።

የመጀመሪያዋን ሰዓት የሠራነው ያለ ኮምፒውተር ነው። ሲ ዲ 4060 የሚባለው ቺፕ የኳርትዙን ርግብግብታ 14 ጊዜ በግማሽ ከፍሎ በሴኮንድ 2 ምት ያወጣል፤ ሲ ዲ 4013 የተባለው ያንን አንድ ጊዜ ከፍሎ 1 ምት ያደርገዋል፤ ሲ ዲ 4026 የተባሉት ደግሞ ምቱን እየቆጠሩ ቁጥሩን በመብራት ያሳያሉ። የመበየጃ ብረትና ቴስተር ከአንድ ሞባይል ጠጋኝ ወንድማችን ተዋስን፤ 5 ቮልት ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር አገኘን፤ ለቺፖቹም የአንድ ወር የሻይ ገንዘባችንን ሰጠን።

ስሕተታችንንም አንደብቃችሁም። በመጀመሪያው ምሽት ሦስት ትናንሽ መብራቶችን አቃጠልን። ቀይዋ ኤል ኢ ዲ የምትፈልገው 2 ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ እኛ ግን 5ቱን ቮልት በቀጥታ ሰጠናት። የቀረውን 3 ቮልት የሚሸከም 330 ኦም ሬዚስተር በመንገዷ ላይ ብናኖር ኖሮ 9 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ያልፍና ለዓመታት ትበራ ነበር። ይህን በክፍል ውስጥ ተምረን በፈተና ላይ በትክክል መልሰናል፤ በእጃችን ስንሠራ ግን ረሳነው። በወረቀት ላይ ማወቅና በእጅ ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚያች ጭስ የተሻለ ያስተማረን የለም።

ሰዓቲቱ ሠራች፤ ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀረች። ምክንያቱን ስንፈልግ ከፊሉ የመረጥናቸው ካፓሲተሮች ልክ አለመሆናቸው፤ ከፊሉ ደግሞ የደብረ ታቦር ብርድ ሆኖ ተገኘ። የሰዓት ኳርትዝ የሚለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከዚያ ቢሞቅም ቢበርድም ይዘገያል። በ5 ዲግሪ ብርድ ውስጥ ቢከርም በቀን ከአንድ ሴኮንድ በላይ ያጎድላል። ከ2,600 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፤ እኛ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ስንተኛ እሷ በመስኮቱ ሥር ብርዱን ችላ ትቆጥር ነበር። ከዚህም በላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የቆጠረችውን ሁሉ ትረሳለች። መብራት የሚጠፋው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ሁለተኛዋን ሰዓት ጀመርን። በዚህችኛዋ ጊዜውን የሚጠብቀው ዲ ኤስ 3231 የሚባል ቺፕ ነው። ኳርትዙን በሆዱ ይዟል፤ ሙቀቱንም ራሱ እየለካ ስሕተቱን ያርማል፤ በዓመት የሚያዛንፈው አንድ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች 3 ቮልት ባትሪ ከጎኑ አለችና መብራት ቢጠፋ ፊቷ ይጨልማል እንጂ ቆጠራዋ አይቋረጥም። ሒሳቡን የሚሠራልን አርዱዪኖ የተባለ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሰዓቱን ለመለወጥ የጻፍነው ትእዛዝ አጭር ነው፤ በ24 የሚቆጠረውን ሰዓት ወስዶ 6 ይደምርበታል፤ ለ12 ያካፍለዋል፤ ቀሪውን ያሳያል፤ ቀሪው ባዶ ከሆነ 12 ይላል። የጓደኛችንን ዓመት የበላው ሒሳብ ይህን ያህል አጭር ነው።

ቁጥሮቹ ግን ብዙ አደከሙን። በገበያ ላይ ያሉት ባለ ሰባት ዘንግ መብራቶች የፈረንጅ ቁጥር እንጂ የግዕዝ ቁጥር መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ስምንት በስምንት የተደረደሩ ነጠብጣብ መብራቶችን ወሰድን፤ ማክስ 7219 የሚባል አንድ ቺፕ 64ቱን ያዛል። ግዕዝ ለአንዱም ለዐሥሩም የየራሱ ምልክት ስላለው ሰዓቱ ከሁለት ምልክት አይበልጥም፤ ደቂቃውም ከሁለት አይበልጥም፤ ስለዚህ አራት ሰሌዳ በቃን። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን የደቂቃው ቦታ ላይ ምን ይጻፍ? ብዙ ተከራከርንና ባዶውን ተውነው። በአነጋገራችንም «ሦስት ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ» የሚል ሰው የለምና፤ «ልክ ሦስት ሰዓት» ብለን እናልፋለን።

ቀጥሎ የመጣው ወር ነው። ቺፑ የፈረንጁን ወራት እንጂ ጳጉሜንን አያውቅም፤ እኛ ራሳችን ልናስተምረው ግድ ሆነ። በመጀመሪያው ሙከራ ዐሥራ ሦስቱንም ወራት 30 ቀን ሰጥተናቸው ኖሮ፤ ጳጉሜን 5 ላይ ሞልተን ቀኑን ስናሳልፍ ጳጉሜን 6፤ ከዚያም ጳጉሜን 7፤ ጳጉሜን 8 አለች። አንዱ ጓደኛችን «አጥፏት፤ አከራዮች ሳያዩ!» ብሎ ጮኸ። በኋላ ደንቡን በትክክል ጻፍነው። የዘመኑ ቁጥር ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ያን ጊዜ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበረ፤ 2019 ዓ.ም.ም እንዲሁ ነው። በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜን 5 ናት።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ግን ሌሊት ነው። «ማክሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ሲባል የትኛው ሌሊት ነው? ማክሰኞ ከመንጋቱ በፊት ያለው ወይስ ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለው? የመሥሪያ ቤት ቀን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይለወጣል፤ የሰዓታችን ቆጠራ ከንጋት ይጀምራል፤ የበዓል ዋዜማ ደግሞ ከምሽት ይያዛል። አንዳችን ከሌላችን ልንስማማ ባልቻልን ጊዜ መፍትሔውን ያገኘነው ከወላጆቻችን አነጋገር ነው። እነሱ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ይላሉ፤ ማንም አይሳሳትም። ስለዚህ ሰዓታችን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ከቀኑ ስም በፊት «ለ» ከኋላውም «አጥቢያ» የሚል ቃል ታሳልፋለች። እንዲህ ያለ ቃል ያለው ሰዓት በየትኛውም ሱቅ አላየንም።

በሚያዝያ ዕረፍት ሰዓቲቱን በዋንዛ ሣጥን አድርገን ወደ እብናት ይዘናት ወረድን። በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ነበሩና ልናሳያቸው ሄድን። ቁጥሮቹን አይተው ደስ አላቸው፤ ነገር ግን ቦታ ለመቆጠብ ብለን ከቁጥሮቹ ላይና ታች ያሉትን መሥመሮች ትተን ስለ ነበር፤ «መሥመሩ የታለ? ያለ መሥመር ፊደል ይመስላል እኮ፤ ልጆቼ» አሉን። ዛሬ የምታዩት መሥመር በእሳቸው እርማት የተመለሰ ነው።

ከዚያም «ትክክል መሆኗን በምን አወቃችሁ?» ብለው ጠየቁን። «ከስልክ ላይ ሞላናት፤ የኔታ» አልናቸው። የኔታ የሚያውቁት ግን ጥላ ስፍር ነው፤ የራሳቸውን ጥላ በራሳቸው እግር እየሰፈሩ በየወሩ ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሚሆን ያውቃሉ። በግቢው ቆመን ጠበቅን። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በእብናት ላይ በእኩለ ቀን ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ጥላችን ከእግራችን ሥር ገብቶ የሚሰፈር ጠፋ። «ስድስት ሰዓት ማለት ይህ ነው» አሉ። ሰዓታችን ግን ከስድስት ሰዓት ከ27 ደቂቃ ትላለች። የኔታ ፈገግ ብለው «ትቀድማለች» አሉን።

በጣም አፈርን። ከዚያ በኋላ ግን ተቀምጠን አሰብነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ለአንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሰዋል። የአገራችን የጋራ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ይህም መሥመር በሶማሌ ክልል በኩል ያልፋል። እብናት ያለችው በ38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ 7 ዲግሪ፤ 7 በ4 ሲባዛ 28 ደቂቃ። የቀረችው አንዲት ደቂቃ ፀሐይ ራሷ በዓመት ውስጥ ከአማካይዋ ጥቂት እየቀደመችና እየዘገየች ስለምትሄድ የመጣች ናት። እንግዲህ የኔታም ትክክል ናቸው፤ ሰዓታችንም ትክክል ናት። እሳቸው የነገሩን የእብናትን ፀሐይ ነው፤ እሷ የምትናገረው አገሩ ሁሉ የተስማማበትን ሰዓት ነው። ይህን ሒሳብ ስናስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ሰዓት ስምምነት ነዋ!» አሉን። እኛ በስንት ወር ልፋት ያላገኘነውን ቃል እሳቸው በአንድ አፍታ አገኙት።

የጓደኛችን እናት ግን ማታ በቤታቸው ሰዓቲቱን ሲያዩ ሌላ ነገር ተናገሩ። «ይህች ያን ጊዜ ብትኖር ልጄ ዓመቱን ባልከሰረ ነበር» አሉ። እኛም «አዎ» ብለን ደስ ልናሰኛቸው አማረን፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ልጃቸው ያን ቀን ሰዓት አላጣም፤ የሰዓት አነባብም አልሳተም። የጎደለው በወረቀቱ ላይ «ጠዋት» የምትል አንዲት ቃል ናት። የተሻለ ሰዓት የተጓደለ ጽሑፍን አያቃናም። ስምምነት ከሆነ፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ የትኛውን ስምምነት እንደሚናገር ካልገለጸ ቆጣሪው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ሰው ይወድቃል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው የመጀመሪያ ልመና ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ፤ በፈተና መርሐ ግብር ላይ፤ በማናቸውም የጥሪ ወረቀት ላይ ባዶ ቁጥር አይጻፍ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት»፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። ከሩቅ ገጠር በግ አሽጦ የሚመጣ ልጅ አለና።

ሁለተኛው ልመናችን ስለ እጅ ሥራ ነው። ከዚህ ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት፤ ታላቁ ሴባስቶፖልም የቀለጠበት ስፍራ ነው። ሴባስቶፖል በብዙ ሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎተተ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ግን ከባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ፤ የጋፋት ምድጃም ጠፋ። መድፉ ቀረ፤ ሙያው አልቀረም። እኛ ከዚህ የምንማረው የተሠራው ዕቃ ብቻውን ሀብት አለመሆኑን ነው። አሠራሩ ካልተጻፈና ለሌላው ካልተላለፈ ዕቃው መታሰቢያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የሰዓቲቱን ሥዕል፤ የዕቃዎቹን ዝርዝርና ትእዛዙን ሁሉ ካቃጠልናቸው ሦስት መብራቶች ታሪክ ጋር በአማርኛ ጽፈን ለማኅበሩ አስረክበናል። የፈለገ ይገልብጠው፤ የተሳሳተውን ያርመው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ክፍላችን ክፍት ነው፤ ከቀኑ ማለታችንን ልብ በሉ። አሮጌ ቻርጀር፤ የተበላሸ ሬዲዮ ያላችሁ አትጣሉት፤ አምጡልን። መበየጃ ብረት ይዞ የማያውቅ በተለይ ይምጣ፤ እኛም ከጥቂት ወራት በፊት እንዲሁ ነበርን።

አሁን የምንሠራት ሰዓት ለጓደኛችን እናት ቤት ናት። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ አዘዙን፤ «ሌሊት መብራቷ እንዳይበዛ አድርጉልኝ» አሉ። እሱን እየሠራንበት ነው።